ከላይ ደን፣ ከሥር ግን?

የግብርና መምህር ነኝ። ስለ ቡና መገኛ ለተማሪዎቼ ለዓመታት አስተምሬአለሁ። የጫካ ቡናን ከዛፉ ሥር ቆሜ ያየሁት ግን ባለፈው ክረምት፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ለመመረቂያ ጽሑፌ መረጃ ለመሰብሰብ ካፋ ደን ስገባ ነው። ሥራዬ ሃያ ሜትር በሃያ ሜትር ቦታ በገመድ ከልሎ በውስጡ የበቀሉትን የዛፍ ችግኞች መቁጠር ነበር።

የመጀመሪያው ቦታ ሰው እምብዛም አይደርስበትም። ከቀረሮውና ከዋንዛው ሥር ቡናው፣ ኮረሪማውና ጥምዙ ተጠላልፏል። ችግኝ ቆጥረን ደከመን። ሁለተኛው ቦታ ቡና የሚለቀምበት ነው። ቀና ሲሉ ያው ጥላ አለ፤ ዝቅ ሲሉ ግን ከቡና በቀር ተተኪ የለም። የአውራ ጣት ውፍረት ያለው የቀረሮ ችግኝ ብንፈልግ አንድም አጣን።

መንገድ የሚመሩንን አባት ምክንያቱን ጠየቅኋቸው። «መምህር፣ ቡናው እንዲያፈራ በየዓመቱ ሥሩን እንመነጥራለን። ገጀራ ደግሞ ቀረሮን ከአረም አይለይም» አሉኝ። «ታዲያ ትልልቆቹ ዛፎች ሲወድቁስ?» አልኋቸው። «እሱን ልጆቼ ያዩታል» ብለው ዝም አሉ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። የደናችንን ጤንነት የምንለካው ከላይ በሚታየው ሽፋን ነው። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ መመዝገቡ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከአየር የሚነሳ ፎቶግራፍ ጥላውን እንጂ ከጥላው ሥር የጠፋውን ችግኝ አያሳይም።

ይህ የተመራማሪ ጭንቀት ብቻ አይደለም። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 አገራችን ገብቶ የአርሶ አደሩን ምርት ሲያረግፍ መፍትሔው የተገኘው ከራሳችን ቡና ነው። ዛሬ በስፋት የሚተከሉት 74110 እና 74112 ከኢሉባቦር፣ መቱ አካባቢ ከተሰበሰቡ ቡናዎች የተመረጡ ናቸው። 74 የሚለው ቁጥር የተመረጡበትን እ.ኤ.አ. 1974 ያመለክታል። ለነገው በሽታና ለነገው ሙቀት መድኃኒት የሚሆነው ዘር ያለው በዚሁ ጥላ ሥር ነው። ጥላው ሲያልፍ እሱም አብሮ ያልፋል።

አንዳንዶች ምንጠራው በሕግ ይከልከል ይላሉ። አልስማማም። አርሶ አደሩ ደኑን ለእርሻ ያልጨፈጨፈው ከቡናውና ከማሩ ስለሚጠቀም ነው። ጥቅሙን ብንነጥቀው ደኑን የሚጠብቅ እናጣለን። ቀላሉና ርካሹ መንገድ ሌላ ነው።

አንደኛ፣ ምንጠራ ከመጀመሩ በፊት የሚተርፉት ችግኞች ላይ ቀይ ክር ይታሰር፤ ገጀራ የያዘው ልጅም ክሩን አይቶ ያልፋል። የደን ተጠቃሚዎች ማኅበራት ይህን በመተዳደሪያ ደንባቸው ያስገቡት። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ለማኅበረሰብና ለማኅበራት ደን ዕውቅና ስለሰጠ የሕግ መሠረት አላቸው።

ሁለተኛ፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ሪፖርት ላይ ከቡናው ኩንታል ጎን የተረፈው የጥላ ዛፍ ችግኝ ብዛት ይጻፍ። ያልተቆጠረ ነገር አይጠየቅበትም።

ሦስተኛ፣ የጫካ ቡና በሚል ስም የሚሸጡ ዩኒየኖችና ነጋዴዎች ችግኝ ላተረፈ አርሶ አደር የዋጋ ጭማሪ ይክፈሉ። ስሙን የሚሸጡት ደኑ ስላለ ነውና።

አራተኛው የእኛ የመምህራን ድርሻ ነው። በደን አቅራቢያ ያለ ትምህርት ቤት ሁሉ በዓመት አንድ ቀን ተማሪዎቹን ይዞ አንድ ቦታ ይቁጠር። ለዚህ የሚያስፈልገው ገመድ፣ ደብተርና እርሳስ ነው። እኔ በሚቀጥለው ዓመት ከተማሪዎቼ ጋር እጀምራለሁ። እኚያ አባት «ልጆቼ ያዩታል» ያሉትን ልጆቹ አሁኑኑ ይዩት፤ ሳይረፍድ።