የሜዳው ቁልፍ ማን እጅ ነው?

የካቲት 2011 ላይ «ሸገርን ማስዋብ» የተባለው ፕሮጀክት ይፋ ሲደረግ 29 ቢሊዮን ብር እንደሚፈጅና 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ እንደሚያለማ ተነገረ። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ለአንድ ወንበር 5 ሚሊዮን ብር የተከፈለበት የገቢ ማሰባሰቢያ እራት ተዘጋጀ። ከዚያ ወዲህ ሥራው በአዲስ አበባ ባልተለመደ ፍጥነት ሄደ። አንድነት ፓርክ መስከረም 2012፣ ወዳጅነት አደባባይ በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ እንጦጦ ፓርክ መስከረም 2013 ተከፈቱ፤ በተከታዩ ዓመታትም የኮሪደር ልማቱ መብራት፣ ሰፊ የእግረኛ መንገድና ትንንሽ አደባባዮችን ጨመረ። ይህን ሁሉ አላየሁም ማለት ግብዝነት ነው። ብዙ ነዋሪ መናፈሻ የሚያስታውሰው ሰርግ ሲኖር ብቻ በነበረባት፣ ሙሽሮች ብሔረ ጽጌ፣ ሐምሌ 19 ወይም አምባሳደር ገብተው ፎቶ ተነሥተው በሚወጡባት ከተማ፣ ሰው ልጆቹን ይዞ የሚወጣበት ቦታ መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው።

ክርክሬ ከዚህ በኋላ ባለው ላይ ነው። ከተማዋ ፓርክ መገንባት ችላበታለች፤ ፓርክና ሜዳን ለልጆቿና ለወጣቶቿ በየቀኑ ማስተዳደርን ግን ገና ሥራዬ ብላ አልያዘችውም። አንድ መናፈሻ የሚመዘነው በምረቃው ዕለት ሳይሆን በተራ ማክሰኞ፣ ተማሪ ከትምህርት ቤት በሚለቀቅበት 10 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት በሩ ክፍት ነው? ኳስ አለ? የሚያሠለጥንና የሚያስታርቅ ሰው አለ? እነዚህን የሚመልሰው የግንባታ በጀት ሳይሆን የሥራ ማስኬጃ በጀት ነው፤ እሱ ደግሞ ሪባን ስለማይቆረጥለት ሁልጊዜ ይረሳል። የከተማዋን መናፈሻዎች ለብዙ ዓመታት ሲያስተዳድር የነበረው ኤጀንሲ የቀብር ቦታዎችንም አብሮ ይመራ ነበር። አደረጃጀቱ የራሱ ምክንያት ይኖረዋል፤ ሆኖም ሁለቱም የሚታጠሩ፣ ሣራቸው የሚታጨድና ዘበኛ የሚቆምላቸው መሬቶች ብቻ ተደርገው መታየታቸውን መካድ ያስቸግራል።

የከተማዋ መሪ ፕላን ከመሬቷ 30 በመቶው አረንጓዴ እንዲሆን ያልማል። ጥሩ ግብ ነው፤ ግን ስፋትን እንጂ ርቀትን አይለካም። በስሌቱ የእንጦጦ ጫካና ተክለሃይማኖት ጓሮ ያለች አንዲት ሜዳ በካሬ ሜትር ብቻ ይለያያሉ። ጀሞ ለሚኖር የ13 ዓመት ልጅ ግን እንጦጦ ሁለት ሦስት ታክሲ የሚቀየርበት፣ በዓመት አንዴ ከቤተሰብ ጋር የሚኬድበት ቦታ ነው። አንድነት ፓርክ ሲከፈት መደበኛ መግቢያው 200 ብር ነበር። የቤተ መንግሥት ሙዚየምና መካነ እንስሳት ላለበት ግቢ ይህ አግባብ የለውም አልልም። እንዲህ ያለው ፓርክ የጉብኝት ቦታ ነው፤ የሰፈር ልጅ ከትምህርት በኋላ የሚውልበት ሜዳ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን በአንድ መዝገብ «መዝናኛ» ብሎ መጻፍ ሁለተኛውን ያስረሳል።

ሁለተኛው በሕይወት የቆየው በመንግሥት ፕሮግራም ሳይሆን በሰዎች ግትርነት ነው። እሑድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ በየሰፈሩ የሚሰባሰቡት ጤና ቡድኖች በወር መዋጮ ኳስ ይገዛሉ፣ ሜዳውን በኖራ ያሰምራሉ፣ ድንጋዩን ይለቅማሉ፣ የታመመ አባል ይጠይቃሉ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ «ፕሮጀክት» የሚባለው የታዳጊዎች ሥልጠና አለ፦ አንድ አሠልጣኝ፣ ፊሽካ፣ አራት አምስት ያረጁ ኳሶች፣ ኮን መግዣ ስለሌለ ውሃ ተሞልቶ የተደረደረ ሃይላንድ፣ ጎል ደግሞ ሁለት ድንጋይ። ትልልቅ ክለቦች ከሚያሰልፏቸው ተጫዋቾች ስንቱ በእንዲህ ያለ ሜዳ እንዳለፈ የእግር ኳሱ ሰዎች ያውቁታል። ከዚያ የሚበልጠው ግን ክለብ ያልገባው ብዙኃን ነው፤ በየቀኑ ሁለት ሰዓት የሚያየውና ስሙን የሚያውቅ አዋቂ ያገኘው ልጅ። የከተማዋ እውነተኛ የወጣቶች መዝናኛ ፕሮግራም ይህ ነው፤ በአብዛኛው ግን ወረቀት የለውም። ሜዳውን ነገ ለመኪና ማቆሚያ ወይም ለአሸዋ ማራገፊያ የሚፈልግ ሰው ቢመጣ፣ ለዓመታት ያሠለጠነው ሰው መብቴ ብሎ የሚያቀርበው ሰነድ የለውም። በጋራ መኖሪያ ቤት ግቢዎችም ክፍት የተተወው ቦታ በኮሚቴ ውሳኔ መኪና ማቆሚያ ሲሆን፣ ውሳኔው ላይ እጅ የሚያወጣው ባለ መኪና እንጂ ባለ ኳስ አይደለም።

ጃን ሜዳ የደረሰበት ይህን ያስረዳል። በ2012 ወረርሽኙ ሲገባ አትክልት ተራ ተጨናንቋልና ገበያው ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ችግሩ ድንገተኛ ነበርና ማንም ከተማ እንዲህ ሊያደርግ ይችላል። ክረምቱ ሲገባ ሜዳው በጭቃና በበሰበሰ አትክልት ተሸፈነ፤ ገበያው ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄዶ ቦታው የጸዳው ለጥር 2013 ጥምቀት መድረስ ስለነበረበት ነው። ታቦታት የሚያርፉበት፣ ፈረስ የተጋለበበት፣ የአገር አቋራጭ ሩጫ የሚካሄድበት ሜዳ ወራት በዚያ ሁኔታ ከቆየ፣ ጥምቀት የማይከበርበት የአንድ ወረዳ ሜዳ ማን ያስመልሰዋል? ጃን ሜዳን ያስመለሰው የሚጠይቅ ባለቤት መኖሩና ቀኑ መቆረጡ ነው። የሰፈር ሜዳ ሁለቱም የሉትም።

በቅርብ ዓመታት በየአካባቢው ሰው ሠራሽ ሣር የተነጠፈባቸው የታጠሩ ሜዳዎች በዝተዋል። ድንጋይና አቧራ ቀርቶ መብራት መጣ፤ ደስ ይላል። ብዙዎቹ ግን በሰዓት ይከራያሉ። ደመወዝተኞች ከሥራ በኋላ አዋጥተው ይጫወታሉ፤ ትናንት በዚያው አፈር ላይ በነፃ ይጫወቱ የነበሩት ልጆች ሽቦውን ይዘው ያያሉ። እዚህ ላይ የሚነሣው መከራከሪያ ጠንካራ ነው፦ ሣሩ ይበላሻል፣ መብራቱ ይቆጥራል፣ ዘበኛው ደመወዝ ይፈልጋል፤ ነፃ የሆነ ነገር ደግሞ ባለቤት ስለሌለው በስድስት ወር ይፈርሳል። የመጀመሪያው ክፍል እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ሰዓቱን መከፋፈል ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ለልጆች በነፃ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ለአዋቂዎች በኪራይ ቢሆን፣ ከሥራ በኋላ የሚመጣው ከፋይ የሚያጣው ነገር የለም። የገቢ ፓርኮች ከመግቢያ ከሚሰበስቡት የተወሰነ እጅ ለሰፈር ሜዳ ጥገና በደንብ ቢታሰርም፣ የጉብኝቱ ቦታ የመዋያውን ይደግፋል። ሁለተኛው ክፍል፣ ነፃ ነገር ይፈርሳል የሚለው፣ ግማሽ እውነት ነው። የሚፈርሰው ኃላፊ የሌለው ነው። ዘበኛ በር ይጠብቃል እንጂ ጨዋታ አይመራም፤ መረቡን ሲቀደድ የሚሰፋው በማግስቱ ልምምድ ያለበት ሰው ነው።

ሰው ማስቀመጥ ምን እንደሚያመጣ የሌሎች ከተሞች ልምድ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሎስ አንጀለስ የወሮበሎች ግጭት በሚበዛባቸው ሰፈሮች 8 ፓርኮችን መርጣ በትምህርት ቤት እረፍት ወራት ማታ ማታ መብራት አብርታ መክፈት ጀመረች፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፓርኮቹ 32 ደረሱ። መብራቱ ብቻውን አልነበረም፤ ምግብ፣ ውድድር፣ ከዚያው ሰፈር በደመወዝ የተቀጠሩ ወጣቶችም ነበሩ። በእነዚያ ዓመታት በአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች ወንጀል በአጠቃላይ እየቀነሰ ስለነበር በፓርኮቹ አካባቢ የታየው የወንጀል ቅነሳ ሁሉ የፕሮግራሙ ነው ማለት አይቻልም። የአይስላንድ ምሳሌ ይበልጥ ያሳምናል። በ1998 እ.ኤ.አ. ከ15 እና 16 ዓመት ልጆቿ 42 በመቶው ባለፈው ወር ሰክረናል ይሉ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ 5 በመቶ ሆነ። እዚያም ሜዳ ብቻውን አልሠራም። ወጣቶቹ በየጊዜው በጥናት ይጠየቁ ነበር፣ ወላጆች ተደራጅተዋል፣ ልጆች ማታ ውጭ የሚቆዩበት ሰዓት በሕግ ተገድቧል፣ ሬይካቪክም ለእያንዳንዱ ልጅ በዓመት 35 ሺህ ክሮና የመዝናኛ ድጎማ መደበች። እነሱ ሀብታምና ጥቂት ናቸው፣ እኛ ድሃና ብዙ ነን የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ድጎማውን መቅዳት አንችልም። የልጁን ከትምህርት በኋላ ያለ ሰዓት የመንግሥት ጉዳይ አድርጎ መያዝ ግን ገንዘብ ብቻ የሚጠይቅ አይደለም። ቦጎታን ሀብታም የሚላት የለም፤ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምራ እሑድ እሑድና በበዓላት መንገዶቿን ለእግረኛና ለብስክሌት እየዘጋች ዛሬ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ታደርሳለች። እኛም ኅዳር 2011 ላይ «መንገድ ለሰው»ን በወር አንዴ ጀምረን ነበር። የሁለቱ ልዩነት በሐሳቡ ሳይሆን በመዘውተሩ ነው፦ የቦጎታው ነዋሪ እሑድ መንገዱ መዘጋቱን ለማወቅ ማስታወቂያ አይጠብቅም።

ከውጭ መቅዳት የማንችለው ሌላም ነገር አለ። በብዙ አገር ልጆች እረፍት የሚወጡት ፀሐይ ሲሆን ነው፤ የእኛ እረፍት ሐምሌና ነሐሴ፣ ሜዳው ሁሉ ጭቃ በሆነበት ክረምት ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባ የእረፍት ፕሮግራም ጣሪያ ይፈልጋል። ጣሪያው ደግሞ ተሠርቶ ተቆልፏል፦ የመንግሥት ትምህርት ቤት አዳራሾችና ክፍሎች። በጎ ፈቃደኞች የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ለመስጠት በሚገቡባቸው ግቢዎች ከሰዓት በኋላ ቼዝ፣ ጠረጴዛ ቴኒስ፣ ቴአትርና ጅምናስቲክ ማስገባት የቁልፍና የኃላፊነት ስምምነት እንጂ አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም። ሴቶች ልጆችም እዚህ ይመጣሉ። የሰፈር ሜዳ፣ እውነቱን እንናገርና፣ የወንዶች ነው፤ ወጣት ማዕከላትም ከፑልና ከእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ስክሪን አልፈው የሴቶች መዋያ ሆነዋል ማለት ይከብዳል። «በሩ ለሁሉም ክፍት ነው» ማለት አይበቃም። የተመደበ ሰዓት፣ ሴት አሠልጣኝ፣ የሚቆለፍ መጸዳጃ ቤት፣ ሳይመሽ የሚያልቅ ልምምድ ካልኖረ እናት ልጇን አትልክም፤ መላክ የለባትምም።

የዳቦ፣ የውሃና የቤት ችግር እያለ ኳስ ምን ያደርጋል ለሚለው ደግሞ ቀላል ሒሳብ ይቀርባል። ከተማዋ 11 ክፍለ ከተሞችና ወደ 120 የሚጠጉ ወረዳዎች አሏት። በየወረዳው ሁለት የሜዳ አስተባባሪ ቢቀጠር 240 ሰው ነው፤ ለምሳሌ ያህል በወር 15 ሺህ ብር ብንቆርጥ ዓመታዊ ደመወዛቸው 43 ሚሊዮን ብር አካባቢ ይሆናል። የ29 ቢሊዮኑ አንድ መቶኛ ይህን ከስድስት ዓመት በላይ ይሸፍናል። የ2011 ብርና የዛሬ ብር እኩል አለመሆናቸው ግልጽ ነው፤ ልኩ ግን የሚጠፋ አይደለም። ለግንባታ የተገኘ ገንዘብ ለሥራ ማስኬጃ ጠፋ ከተባለ፣ ጠፋ የሚባለው ገንዘቡ ሳይሆን ፍላጎቱ ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ ሌላ ነው። ወረዳ የያዘው ነገር የስብሰባ አዳራሽ ይሆናል፤ ዛሬ ያለ መንግሥት የሚሠራውን ጤና ቡድንና ፕሮጀክት መዝገብ ውስጥ ካስገባነው ነፃነቱን ያጣል፣ አሠልጣኙም ሪፖርት ጸሐፊ ይሆናል። ይህን ስጋት ማንም በአገሩ የኖረ አያጣጥለውም። ለዚህ ነው ወረዳው ፕሮግራሙን እንዲመራ ሳይሆን ሜዳውን እንዲያስከብርና ደመወዙን እንዲከፍል የምለው። ሰዓት የሚደለድለው ወላጆች፣ አሠልጣኞችና ጤና ቡድኖች የመረጡት ኮሚቴ ይሁን። የአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ከ1883 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፓርኮቿን የምታስተዳድረው ነዋሪ በሚመርጠው ራሱን የቻለ ቦርድ ነው፤ እኛ ያን ያህል መሄድ ባይኖርብንም መርሁ ይጠቅመናል። ኮሚቴውም ይበላሻል ከተባለ፣ ቢያንስ በራፍ ላይ የተለጠፈ የሰዓት ድልድል ማንም አንብቦ የሚሟገትበት ነገር ይሰጣል።

እንግዲህ የከተማው ምክር ቤት አባላት ከቢሮዎቹ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ በየወረዳው ያሉ ሜዳዎች ዝርዝርና የይዞታ ማረጋገጫቸው የት አለ? በእያንዳንዱ ሜዳ ለልጆች በነፃ የተመደበው ሰዓት ስንት ነው? ለዚያ ሰዓት ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ማነው? ነዋሪውም እነዚህኑ ጥያቄዎች ለወረዳው ያቅርብ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ትምህርት ቤቶችም የሚዘጉት በዚያው ሰሞን ነው።