የእናት ድርሻ ከጣሳ አይገኝም



«ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» ይላል ያገራችን ሰው። ዛሬ ይህ አምባር በጣሳ ታሽጎ መጥቷል። ስሙ አንዳንድ ጊዜ «ፔፕታይድ»፣ አንዳንድ ጊዜም «ኮላጅን» ይባላል፤ እርጅናን ያቆማል፣ ጉልበት ይመልሳል ተብሎም ይሸጣል። እናቶችና ሠራተኛ እኅቶች ስለ ነገሩ ደጋግመው ስለሚጠይቁ፣ በዛሬው ዓምዳችን ጥቂት እንወያይበታለን።

መነሻ የሚሆነንን ታሪክ ያጫወተችን በአንድ መሥሪያ ቤት የምትሠራ የሦስት ልጆች እናት ናት። ዕድሜያቸው 68 የሆነ እናቷ ከእርሷ ጋር ይኖራሉ። የደም ግፊት ስላለባቸው ለብዙ ዓመታት ኪኒን ሲወስዱ ቆይተዋል። አረብ አገር የምትሠራው ታናሽ እኅቷ «እማዬ ትበርታልኝ» ብላ ከደመወዟ ቆጥባ አንድ ጣሳ ዱቄት ላከች። ማስታወቂያው ዱቄቱ እርጅናን እንደሚከላከል፣ የደም ግፊትንም እንደሚያወርድ ይናገራል። እናትም የልጃቸውን ስጦታ አክብረው ጠዋት ጠዋት በሞቀ ውኃ እየበጠበጡ ይጠጡ ጀመር። ኪኒኑን ግን «ሁለት መድኃኒት ምን ያደርግልኛል» ብለው ለማንም ሳይናገሩ ተዉት።

ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ራሳቸውን አዙሯቸው ደጃፍ ላይ ወደቁ። ጤና ጣቢያ ሲወሰዱ የደም ግፊታቸው እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ። ደግነቱ ፈጥኖ ተደርሶላቸው ተረፉ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ካስጀመራቸው በኋላ፣ «ለመሆኑ እናትሽ በቀን ምን ይመገባሉ?» ብሎ ልጅቱን ጠየቃት። በማለዳ ወጥታ ሲመሽ የምትገባ ሠራተኛ ናትና መልስ አጣች። የዚያን ዕለት ማታ ግን ከማዕዱ አጠገብ ተቀምጣ አስተዋለች። ዕንቁላሉም ወተቱም ለልጆቹ ሄደ። እናቷ «እኔማ ምን ይጎድልብኛል፤ ልጆቹ ይብሉ» እያሉ እንጀራቸውን በቀጠነ ሽሮ ጠቅሰው ተነሡ። «ጣሳው መደርደሪያ ላይ ሞልቶ ተቀምጧል፤ የእናቴ ሣሕን ግን ባዶ ነበር» አለችን።

ለመሆኑ ፔፕታይድ የሚባለው ነገር ምንድን ነው? ዕንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፣ ዓሣና ጥራጥሬ የሚሰጡን ፕሮቲን በክር እንደተሰካ ረጅም ዶቃ ነው ብላችሁ አስቡ። እያንዳንዱ የዶቃ ፍሬ አሚኖ አሲድ ይባላል። ምግቡ ጨጓራና ትንሹ አንጀት ሲደርስ የምግብ መፍጫ ኤንዛይሞች ክሩን እዚህም እዚያም ይቆርጡታል። ሁለት፣ ሦስት ወይም ከዚያ የበለጡ ፍሬዎችን የያዘው ቁራጭ ነው እንግዲህ ፔፕታይድ የሚባለው። አንጀታችን ነጠላ ፍሬዎችንና ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት ፍሬ ቁራጮችን ተቀብሎ ያሳልፋል። ስለዚህ ምስር ወይም ዕንቁላል የበላ ሰው ሁሉ በገዛ ሆዱ ውስጥ ፔፕታይድ ይሠራል ማለት ነው። በጣሳ የሚሸጠው ይህንኑ ቆረጣ ፋብሪካ አስቀድሞ የሠራው ነው።

ይህ ማለት ግን ሳይንሱ ውሸት ነው ማለት አይደለም። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 በባክቴሪያ ከረጋ ወተት ውስጥ ባለ ሦስት ፍሬ የሆኑ ሁለት ፔፕታይዶችን ለይተው አውጥተዋል። እነዚህም የደም ሥርን የሚያጠብቀውን አንድ ኤንዛይም ሥራ ይገታሉ። ለደም ግፊት ከሚታዘዙት ኪኒኖች አንዳንዶቹ የሚሠሩት ይህንኑ ኤንዛይም በመግታት ነው። ነገር ግን በሰው ላይ በተደረጉት ሙከራዎች የታየው ውጤት ከሙከራ ሙከራ የሚለያይ ነበር፤ የግፊቱ መቀነስም ከፍ ያለ አልነበረም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2011 ማስረጃውን መርምሮ፣ የእነዚህ ፔፕታይዶች ጥቅም በበቂ ሁኔታ አልተረጋገጠም ሲል ደምድሟል። እንግዲህ ሐኪም ያዘዘውን ኪኒን ትቶ በዱቄት መተካት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ልብ በሉ።

ስለ ኮላጅንም እንዲሁ ነው። ኮላጅን በቆዳ፣ በአጥንትና በጅማት የሚገኝ ፕሮቲን ነው። ተጠጥቶ በቀጥታ ወደ ፊት ቆዳ የሚሄድ አይደለም፤ እንደ ማንኛውም ፕሮቲን ሆድ ውስጥ ይቆራረጣል። ቆዳን በጥቂቱ አለሰለሰ የሚሉ ጥናቶች አሉ፤ ብዙዎቹ የተካሄዱት ግን በአምራቾቹ ገንዘብ ነው። ከዚህም በላይ ኮላጅን ትሪፕቶፋን የሚባለው አስፈላጊ አሚኖ አሲድ ስለሌለው ብቻውን የተሟላ ገንቢ ምግብ አይሆንም። እናቶቻችን የሚወዱት የአጥንት መረቅም መልካም ነው፤ ዕንቁላልን፣ ወተትን ወይም ጥራጥሬን ግን አይተካም።

ታዲያ እርጅናን የሚያከብደው ዋናው ነገር ምንድን ነው? የፊት መጨማደድ አይደለም፤ የጡንቻ መመንመን ነው። የሰው ጡንቻ ከ30 ዓመት በኋላ በየ10 ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከ60 በኋላ ደግሞ ፍጥነቱ ይጨምራል። ከመቀመጫ ለመነሣት እጅን መደገፍ፣ ደረጃ መውጣት ማቃት፣ ወድቆ መሰበር የሚመጡት ከዚህ ነው። ያረጀ ጡንቻ ከበፊቱ ያነሰ ሳይሆን የበለጠ ፕሮቲን ይፈልጋል። ለጎልማሳ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ያህል ይበቃል፤ ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ግን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ቢሆን እንደሚሻል ባለሙያዎች ይመክራሉ። 50 ኪሎ የሚመዝኑ እናት እንግዲህ በቀን ከ50 እስከ 60 ግራም ያስፈልጋቸዋል ማለት ነው። «እኔ አሮጊት ነኝ፤ ጥቂት ይበቃኛል» የሚለው የቆየ አነጋገር ስለዚህ ትክክል አይደለም።

ይህን ለማግኘት ጣሳ መግዛት አያስፈልግም። አንድ ዕንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም፣ 100 ግራም ያልበሰለ ምስር 24 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣሉ። ከእንጀራውም የሚገኝ አለ። እንጀራና ጥራጥሬ አብረው ሲበሉ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላዋል፤ ምስር ወጥ፣ ክክና ሽሮ በእንጀራ መብላታችን ብልህነት ነው። ብቻ ወጡ አይቅጠን፤ ፍሬውም በአዛውንቱ በኩል ይድረስ። በጾም ወቅትም ፉል፣ አሹቅ፣ ምስርና ወፈር ያለ ሽሮ በየማዕዱ ተከፋፍለው ቢቀርቡ ብዙ ይረዳሉ። ጥርሳቸው ለተጎዳ ደግሞ በደንብ የበሰለ ክክ፣ ዕንቁላል ፍርፍር ወይም በወጥ የራሰ ፍትፍት ይመቻቸዋል።

እርጎ የሚወዱ ካሉ፣ ወተቱን መጀመሪያ ማፍላት ይገባል፤ ያልፈላ ወተት የሳንባ ነቀርሳንና ሌላም በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላልና። ለብ ሲል ጥሩ እርጎ በማንኪያ ጨምራችሁ በንጹሕ ዕቃ ክደኑት። ሲረጋ ባክቴሪያዎቹ ከወተቱ ፕሮቲን ከፊሉን ይቆራርጡታል። ፔፕታይድ እናገኛለን ካላችሁም ይኸው ከጓዳችሁ ነው፤ መድኃኒት ነው ግን አንልም።

ምግብ ብቻውን ጡንቻ አይሠራም። እናትየው በቀን ሁለት ጊዜ ወንበር ላይ እየተቀመጡ አሥር ጊዜ ቢነሡ፣ ጎረቤት ድረስም በእግራቸው ቢሄዱ የበሉት ሥራ ላይ ይውላል። «አይድከሙ» እያልን ሁሉን ከእጃቸው መንጠቅ ፍቅር ቢመስልም ያዳክማል። ኩላሊት የታመመ ሰው ግን የፕሮቲኑን መጠን ሐኪም ሳይጠይቅ አይጨምር።

ያች እኅታችን ዛሬ ማታ ማታ መጀመሪያ የምታነሣው የእናቷን ሣሕን ነው። ዕንቁላል የሚቀቀለው ለልጆቹ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ኪኒኑንም ልጆቿ በየተራ ለአያታቸው ያቀብላሉ። አረብ አገር ላለችው እኅቷም፣ «ለጣሳው የምታወጪውን ለእማዬ ዕንቁላልና ወተት አድርጊው» ብላ ልካላታለች።

እናንተስ እናቶችና እኅቶች? ዛሬ ማታ ማዕዱ ሲቀርብ ከሁሉ አስቀድማችሁ የቤቱን ታላቅ ሰው ሣሕን ተመልከቱ። ቀጥሎም የራሳችሁን፤ «ልጆቹ ይብሉ» ማለትን የምትለምዱት እናንተም ናችሁና።