ግምቱን ትተን ሒሳቡን እንሥራ

አዲስ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ሊወጣ ነው የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር የሞተር ወዳጆችን የሚይዛቸው አባዜ አንድ ነው። ቅርጹ በቅጡ የማይለይ ፎቶ ይለቀቅና ስንት የፈረስ ጉልበት ይኖረዋል፣ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል፣ የመጨረሻ ፍጥነቱስ ስንት ነው የሚለው ግምት ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቀጥላል። ይህ ልማድ ማንንም የማይጎዳ የጊዜ ማሳለፊያ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። እኔ ግን ጉዳት አለው እላለሁ። ግምቱ ቢሳሳት አንድ ነገር ነው፤ ልክ ሆኖ ሲገኝም ለባለቤቱ እምብዛም የማይጠቅመውን ቁጥር ዋና መለኪያ ያደርገዋል። አምራቾችም ደንበኛ የሚያወራውን ስለሚሰሙ ለዚያው ቁጥር ብለው ይሠራሉ፣ ያንኑ ያስተዋውቃሉ።

የሃርሊ ዴቪድሰን ላይቭዋየር ጥሩ ማስረጃ ነው። ኩባንያው ናሙናውን ለሕዝብ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2014 ሲሆን ሞተሩ ለገበያ የቀረበው በ2019 ነው። በጉልበትና በፍጥነት በኩል የተጠበቀውን አላሳነሰም፤ 105 የፈረስ ጉልበት ነበረው፣ 60 ማይል በሰዓት ለመድረስም 3 ሰከንድ ይበቃው ነበር። ባለቤቱን ማታ ማታ የሚያጋጥመው ቁጥር ግን ሌላ ነበር። ባትሪው 15.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ሞተሩ ላይ የተገጠመው ቻርጀር ደግሞ ከ1.4 ኪሎ ዋት ብዙም አያልፍም። ሁለቱን ማካፈል ነው፤ ባዶ ባትሪ በቤት ሶኬት ለመሙላት 11 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ፈጣኑ የዲሲ ቻርጀር በአንድ ሰዓት ይሞላዋል። ይሁንና በአሜሪካ ከተሞች በብዛት ተተክለው የሚገኙት መካከለኛዎቹ፣ ባለ 240 ቮልቶቹ ናቸው፤ ላይቭዋየር እነሱ ላይ ቢሰካም ከቤት ሶኬቱ ፍጥነት አይጨምርም። በ3 ሰከንድና በ3 ሰከንድ ተኩል መካከል ያለው ልዩነት በዕለት ኑሮ ትርጉም የለውም። ምሳ እስኪበላ ባትሪው መሙላቱና አለመሙላቱ ግን ሰውየው ከከተማ መውጣት አለመውጣቱን ይወስናል። ላይቭዋየር ራሱን ችሎ ኩባንያ ከሆነ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2023 የሸጠው 660 ሞተር ብቻ ነው። ለዚህ 29,799 ዶላር የነበረው የመጀመሪያ ዋጋ ያሳደረው ፍርሃት ትልቅ ድርሻ እንዳለው አልክድም፤ ጉልበቱ ግን አላዳነውም።

አንዴ ቻርጅ ተደርጎ ስለሚሄድበት ርቀት የሚደረገው ግምት ከሁሉ ይከፋል፤ በአንድ ቁጥር የማይመለስን ጥያቄ በአንድ ቁጥር ለመመለስ ይሞክራልና። ሞተር ላይ የተቀመጠ ሰው ነፋሱን የሚቀበለው በደረቱ ነው። የአየር ተቃውሞ ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው አራት እጥፍ ይሆናል። የካሊፎርኒያው ዜሮ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ኤስአር ኤፍ የተባለውን ሞተር ሲያወጣ ይህን ራሱ አልደበቀም፤ በከተማ ውስጥ 259 ኪሎ ሜትር፣ በአውራ ጎዳና በሰዓት 113 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ግን 132 ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ አስታውቋል። ሞተሩም ባትሪውም ያው ሆኖ መንገዱ በግማሽ አጠረ። ባትሪው በመግለጫው 14.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢባልም በአማካይ የሚሰላው መጠኑ 12.6 ነው። ይህን ለርቀቱ ስናካፍል ሞተሩ በከተማ ለአንድ ኪሎ ሜትር 49 ዋት ሰዓት ገደማ፣ በአውራ ጎዳና 95 ዋት ሰዓት ገደማ እንደሚፈጅ እናገኛለን። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች የያዘ ሰው ገና ያልወጣ ሞተር የባትሪውን መጠን ብቻ ቢነግሩት የት እንደሚያደርሰው በግርድፉ ያውቃል።

ይህ ሒሳብ ቢሠራ ኖሮ ብዙ ሰው ከከንቱ ተስፋ ይድን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ የካናዳው ዴመን ኩባንያ ሃይፐርስፖርት የተባለ ሞተር በላስ ቬጋስ የኤሌክትሮኒክስ ትርኢት ላይ ይዞ ቀረበ። 200 የፈረስ ጉልበት፣ 200 ማይል በሰዓት ፍጥነት፣ 200 ማይል ርቀት፤ ባትሪው 20 ኪሎ ዋት ሰዓት። የሞተር ወዳጆች ሦስቱን ቁጥሮች እየተቀባበሉ አራገቧቸው። 200 ማይል 322 ኪሎ ሜትር ነው፤ ባትሪውን ለዚህ ብናካፍለው ለአንድ ኪሎ ሜትር የሚደርሰው 62 ዋት ሰዓት ነው። የነፋስ መከላከያ ሽፋኑ ተቃውሞውን ይቀንሳል ብንል እንኳ ይህ ረጋ ብሎ የሚነዳ ሰው ፍጆታ ነው። 200 የፈረስ ጉልበት ደግሞ 149 ኪሎ ዋት ነው፤ ያን ጉልበት ሳያቋርጥ ካወጣ ባትሪው በ8 ደቂቃ ያልቃል። በሰዓት በ322 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በ8 ደቂቃ የሚኬደው 43 ኪሎ ሜትር ነው። ሦስቱ ሁለት መቶዎች በአንድ ማስታወቂያ ላይ ይገናኛሉ እንጂ በአንድ ጉዞ ላይ አይገናኙም። ኩባንያው ርክክብ እጀምራለሁ ያለው በ2021 ነበር፤ ዓመቱ ሞተሩ ለገዢ ሳይደርስ አለፈ።

ግምቱ ፍቅር ነው፣ ፍቅርን በሒሳብ አታድርቅብን የሚሉ አሉ። እኔም የሰዎችን ደስታ የመንፈግ ሐሳብ የለኝም። ነገር ግን ሞተርን የሚወድ ሰው አሠራሩን ማወቅም ይወዳል። የባትሪው ሴሎች ሲግሉ ኃይሉን የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር ጉልበቱን ለምን እንደሚቀንስ፣ ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው ጉልበት ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚወጣ፣ ለረጅም ጊዜ የሚዘልቀው ግን ከዚያ በብዙ የሚያንስ መሆኑን መመርመር ከግምት ያላነሰ ደስታ አለው። ሌሎች ደግሞ የወዳጆች ጉጉት ኩባንያዎችን ወደፊት ይገፋል ይላሉ። እውነት ነው፣ ይገፋል፤ የሚገፋው ግን ወደተጠየቀው አቅጣጫ ነው። ጠያቂው ሁሉ ስለ ሰከንድ ካወራ ገንዘቡ ወደ ሰከንድ ይሄዳል፣ ቻርጀሩ ትንሽ እንደሆነ ይቀራል። ከሁሉ ጠንካራው መከራከሪያ የባትሪ ቴክኖሎጂ እየተሻሻለ ስለሆነ የትናንቱ ቁጥር ለነገ ማሰሪያ አይሆንም የሚለው ነው። መሻሻሉ አለ፤ የዜሮ ትልቁ ባትሪ ከ14.4 ተነሥቶ በ2022 17.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ደርሷል፣ በሦስት ዓመት አንድ አምስተኛ መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ዱካቲ ለዓለም የኤሌክትሪክ ሞተር ውድድር የሠራውን፣ በ2023 ወደ ሜዳ የገባውን ቪ21ኤል እንመልከት። በዓለም ታላላቅ ከሚባሉት የውድድር መሐንዲሶች እጅ የወጣ ሞተር ሆኖ ሳለ 18 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዘው ባትሪ ብቻውን 110 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ የሞተሩ ጠቅላላ ክብደት 225 ኪሎ ግራም ነው። ነገ የሚወጣው ሞተር ከዚህ እጥፍ ይሻላል የሚል ሰው የማሳመን ሸክሙ በእሱ ላይ ነው።

ከቁጥሩ ውጭ የሚቀር ሌላ ነገርም አለ። ለዚያው የዓለም ውድድር ከ2019 እስከ 2022 ሞተር ያቀርብ የነበረው የጣሊያኑ ኤነርጂካ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 መክሰሩን አስታወቀ። ሞተሮቹ ፈጣኖች ነበሩ፣ በቁጥርም የሚታሙ አልነበሩም። ባለቤቶቻቸው ግን መለዋወጫ ከየት ይምጣ፣ ሶፍትዌሩን ማን ያድስ፣ የባትሪውን ዋስትና ማን ያክብር የሚል ጥያቄ ይዘው ቀሩ። አንድ ሞተር ከመውጣቱ በፊት ስለ ፍጥነቱ ከሚነገረው አንድ አሥረኛው እንኳ ስለ ጥገናው አይነገርም።

ነገሩ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ወሬ የሁሉም ቤት ወሬ ሆኗል፤ ሞተሩም በአዲስ አበባ መንገድ ላይ አለ። እዚህ የሚሸጠው እንደ ላይቭዋየር ያለ ሳይሆን ዕቃ የሚያደርስ ወጣት እንጀራውን የሚበላበት ትንሽ ሞተር ነው። ባትሪው 72 ቮልት፣ 20 አምፔር ሰዓት ቢሆን የሚይዘው 1.44 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ነጂው፣ ሞተሩና ጭነቱ ተደምረው 220 ኪሎ ቢሆኑና ወደ እንጦጦ 600 ሜትር ሽቅብ ቢወጡ፣ ክብደቱን ከፍ ማድረጉ ብቻ 0.36 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። የባትሪው ሩብ በዳገቱ አለቀ ማለት ነው፤ የጎማውና የነፋሱ ተቃውሞ ገና አልተቆጠረም። በሜዳ ላይ ተለክቶ የተጻፈ ርቀት ለዚህ ወጣት አይሠራለትም።

ስለዚህ ልትገዙ ስትሄዱ የመጨረሻ ፍጥነቱን አትጠይቁ። ባትሪው ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት እንደሚይዝ፣ በየትኛው ፍጥነትና በስንት ኪሎ ጭነት እንደተለካ፣ ቻርጀሩ ስንት ኪሎ ዋት እንደሆነ፣ ዋስትናው የስንት ዓመት እንደሆነና ባትሪው ሲበላሽ የሚጠግነው ማን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። ይህን በጽሑፍ ለማይሰጥ ሻጭ ቀብድ አትክፈሉ።