ስለ ጣፋጭ ሽቱና ስለ መራራው መሠረቱ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በሽቱ መደብሮቻችን መደርደሪያ ላይ የሚታየው ብልቃጥ አብዛኛው ወደ ጣፋጭነት ያዘነበለ መሆኑን ያስተዋለ ሰው ብዙ ነው፤ ቀድሞ የጽጌረዳ፣ የሎሚና የሰንደል መዓዛ ይበዛበት በነበረው ስፍራ ዛሬ የቫኒላ፣ የቸኮሌት፣ የቡናና የተቃጠለ ስኳር ጠረን ነግሦበታል። ፈረንሳዮች ይህን ዐይነቱን ሽቱ፣ የመብል ምኞትን የሚቀሰቅስ ስለ ሆነ፣ ጉርማን ይሉታል። በዕድሜ የገፉት ወገኖች የልጅ ከረሜላ እንጂ የትልቅ ሰው ጌጥ አይደለም እያሉ ሲነቅፉት፣ ወጣቶቹ ደግሞ ከጧት እስከ ማታ ያለ ልክ ይርከፈከፉታል። እኔ ግን ሁለቱም ወገኖች ነገሩን ከግማሹ እንደ ያዙት አምናለሁ፤ በብርድ ወራት ምሽት የሚቀቡት ጥቁርና ጣፋጭ ሽቱ በእውነት የከበረ ጌጥ ነውና፤ ክብሩ የሚመጣው ግን ከጣፋጩ ሳይሆን ጣፋጩን ከሥር ይዞ ከሚያቆመው መራራ፣ ጢሳምና ጥቁር መሠረት ነው።

ጣፋጭነት ራሱ በአንድ ዘመን እጅግ ውድ ነበር። ቫኒላ የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ የሆነ ሐረግ ነው፤ ሐረጉን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች ወስደው የተከሉት ፈረንሳዮች አበባውን እያዩ ፍሬውን ሳያገኙ ብዙ ዘመን ቆዩ፤ በትውልድ አገሩ አበባውን የሚያዳቅሉት ንቦች በደሴቶቹ ላይ አልነበሩምና። ይህን እንቆቅልሽ የፈታው በ1841 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሬዩኒዮን ደሴት በባርነት ይኖር የነበረ የ12 ዓመት ልጅ፣ ኤድሞን አልቢየስ ነው። በቀጭን እንጨት የአበባውን ወንዴ ከሴቴው የሚለየውን ስስ ሽፋን ገለጥ አድርጎ፣ በአውራ ጣቱ ሁለቱን ጫን አድርጎ በማገናኘት ሐረጉ ፍሬ እንዲይዝ አደረገ። በማዳጋስካር ያለው ገበሬ ዛሬም የሚሠራው በዚያው ልጅ ዘዴ ነው፤ አበባው ከአንድ ቀን በላይ አይቆይምና እያንዳንዱን በጊዜው በእጅ ማዳቀል ግድ ነው። አልቢየስ ግን ባርነት ከተሻረ በኋላ ነፃ ቢወጣም፣ ለስንቱ ባለርስት ሀብት ያስገኘው እጁ ለራሱ ምንም ሳያተርፍለት በ1880 በድህነት ሞተ። ጣፋጭ ሽቱ የሚቀባ ሰው ይህን ልጅ አንድ ጊዜ እንኳ ቢያስበው የሚገባ ነው።

ውድነቱን ያስቀረው የኬሚስትሪ ጥበብ ነው። በ1874 ፈርዲናንድ ቲማንና ቪልሄልም ሃርማን የተባሉ ሁለት የጀርመን ሊቃውንት የቫኒላን ጠረን የሚሰጠውን ቫኒሊንን ከጥድ ዛፍ ከሚገኝ ንጥረ ነገር ለመሥራት ቻሉ። ከዚህ በኋላ ጣፋጭነት የፋብሪካ ውጤት ሆነ፤ ዋጋው ወረደ፤ ለፈለገውም ሁሉ እንደ ልብ ተገኘ። ታዲያ የሽቱ ሊቅነት የተፈተነው በዚህ ጊዜ ነው፤ ጣፋጩ በእጁ የሞላለት ባለሙያ ምን ያህሉን እንደሚጨምር ብቻ ሳይሆን በምን እንደሚገታው ማወቅ ነበረበት። በ1925 በፓሪስ ሻሊማር የተባለውን ሽቱ ያወጣው ዣክ ጌርላን ከቫኒሊን ይልቅ የበረታውን ኤቲል ቫኒሊንን በብዛት ቢጨምርበትም፣ ከላይ በቤርጋሞት መራራ ልጣጭ፣ ከታች ደግሞ በቆዳ፣ በጢስና በሙጫ ጠረን አሠረው። ከእነዚያ ሙጫዎች አንዱ ኦፖፖናክስ የሚሉት የከርቤ ዘመድ ነው፤ ዛሬ በዓለም የሽቱ ገበያ በዚህ ስም የሚሸጠውም ሶማሌዎች ሀበክ ሀዲ ብለው የሚጠሩት፣ ከሶማሊያና ከእኛው ከሶማሌ ክልል ቆላ የሚለቀም ሙጫ ነው። እንግዲህ ከሥልጣኔው ማዕከል የመጣ ነው እያልን በውድ የምንገዛው ብልቃጥ፣ በሥሩ የገዛ አገራችንን ዛፍ እንባ የያዘ ሊሆን እንደሚችል ልብ ይሏል።

የዛሬው ፋሽን አባት ግን በ1992 በቲዬሪ ሙግለር ስም የወጣው፣ ኦሊቪየ ክሬስፕ የቀመመው አንጀል ነው፤ ብልቃጡ በኮከብ ቅርጽ የተሠራ ሰማያዊ ነው። ይህን ሽቱ በእጁ አንጓ ላይ ጠብ አድርጎ ቀረብ ብሎ ያሸተተ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው ኤቲል ማልቶል የተባለውን ንጥር፣ ይኸውም ስኳር በድስት ቀልጦ መጥቆር ሲጀምር የሚወጣውን ጠረን ነው፤ በዚያን ጊዜ ተቺዎቹ እውነት ያላቸው ይመስላል። ጥቂት ታግሦ ለቆየ ግን ከስኳሩ ሥር ፓቹሊ የተባለው የሩቅ ምሥራቅ ቅጠል እየተነሣ ይመጣል፤ ጠረኑ የእርጥብ አፈር፣ የአሮጌ ሣጥንና ስኳር ያልነካው የካካዎ ነው፤ ጣፋጩን አፍኖ ሳያጠፋው ወደ ታች ይስበዋል፤ ሌሊቱን አድሮም በማግሥቱ በነጠላው ጫፍ ላይ ተጣብቆ የሚገኘው እርሱ ነው። አንጀልን ተከትለው ከወጡት ሽቱዎች ብዙዎቹ ስኳሩን ወስደው ፓቹሊውን አሳንሰውታል። እነዚህን ነው እኔም ከነቃፊዎቹ ጋር ሆኜ የምነቅፈው፤ ሰዓት ሳይሞላቸው ይሰለቻሉ፤ ጣፋጩ ሲተን ከሥር የሚቀር ነገር የላቸውምና።

ስለ ጊዜውና ስለ ስፍራውም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ሽቱ የሚሸተው እየተነነ ወደ አየር ስለሚወጣ ነው፤ ሙቀት ትነቱን ሲያፋጥነው ብርድ ያዘገየዋል። ስለዚህ በድሬዳዋ ቀትር፣ ወይም በተጨናነቀ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ በእኩለ ቀን፣ ጣፋጭ ሽቱ አብዝቶ መቀባት ባልንጀራን ማስጨነቅ ነው። ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ወይም በሐምሌ ጭጋግ፣ ሰው ጋቢውንና ካፖርቱን ደርቦ በሚወጣበት ሰዓት፣ ያው ሽቱ ከልብሱ ሥር ቀስ እያለ ይወጣል፤ ቀርቦ ለተጨዋወተ ይደርሰዋል እንጂ ሩቅ ያለውን አያውክም። ለዚህም አንድ ወይም ሁለት ጊዜ መርጨት ይበቃል። ወደ ቤተ ክርስቲያን ለሚሄድ ምእመን ግን እርሱንም ባይቀባ የተሻለ ይመስለኛል፤ የመቅደሱ መዓዛ ዕጣኑ ነውና። ኦሪት ዘፀአት በ30ኛው ምዕራፍ ለእግዚአብሔር የሚታጠነውን ዕጣን ሰው ለራሱ ማሽተቻ እንዳይሠራው አጥብቆ መከልከሉ፣ የመሠዊያው መዓዛና የገላ መዓዛ እያንዳንዱ በየስፍራው እንዲከበር ነው።

ጥቁሩን ከጣፋጩ ለመለየት ከሌላው ይልቅ እኛ የሠለጠነ አፍንጫ ሊኖረን በተገባ ነበር። ቡናው በምጣድ ላይ ሲያር፣ ዕጣኑ በፍም ላይ ሲጤስ፣ እንስራው በወይራ ሲታጠን ያደገ ሰው፣ ምሬትና ጢስ የመዓዛ ጠላቶች ሳይሆኑ ዓምዶቹ መሆናቸውን ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። የጥንት ነጋዴዎቻችን ከከፋና ከጅማ አካባቢ በቀንድ ውስጥ አሽገው ወደ ውጭ ይልኩት የነበረው የጥርኝ ዝባድ ለአውሮፓ ሽቱ ብርታት የሰጠ ጥቁር መሠረት ነበር፤ ጥርኝን በጠባብ ጎጆ ቆልፎ ማስጨነቅ ግን ርኅራኄ የጎደለው ሥራ ስለ ሆነ፣ የሽቱ ቤቶች ዝባድን በኬሚስትሪ ውጤት መተካታቸውን ደግፌ እቀበለዋለሁ።

የዕጣኑ ዛፍ ግን እንደ ጥርኟ አይደለም፤ ሙጫውን ሳይሠቃይ ሊሰጠን ይችል ነበር። በትግራይ፣ በመተማና በቤኒሻንጉል ቆላዎች የሚበቅለው የዕጣን ዛፍ ቅርፊቱ በልክ ቢፋቅና በየጊዜው ቢያርፍ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ሀብት ነው። ተመራማሪዎች ደጋግመው እንዳስጠነቀቁት ግን ያሉት ዛፎች አብዛኛዎቹ አሮጌ ናቸው፤ ችግኙን ከብት ይበላዋል፣ ሰደድ እሳት ያቃጥለዋል፤ ያረጀውም ዛፍ ዕረፍት ሳያገኝ ከልክ በላይ ይቆስላል፤ ምትክ የሚሆን ወጣት ዛፍ በብዙ ስፍራ አይታይም። ስኳሩን ፋብሪካ በፈለገው መጠን ያመርተዋል፤ ይህን ዛፍ የሚያበቅለው ግን ምድሩና ጊዜው ብቻ ነው። ሙጫውም በአብዛኛው ጥሬውን በጆንያ ተሞልቶ ይወጣና ሌሎች አጣርተው፣ ቀምመውና በብልቃጥ ከተው መልሰው ይሸጡልናል።

ስለዚህ ሽቱ ገዢው ወገኔ በመደብሩ በር ላይ ባሸተተው የመጀመሪያ ጣፋጭነት ሳይቸኩል፣ ጥቂቱን በእጁ ተቀብቶ እስከ ማታ ይቆይ፤ ማታ ላይ ሙጫ፣ እንጨት ወይም ጢስ ካላገኘበት ገንዘቡን አያውጣ። የደን ባለሥልጣኖችና የዕጣን አምራች ማኅበራት ደግሞ በዚህ ዓመት ሳይሆን በሚመጣው ዓመት ሳይሉ፣ የደከመውን ዛፍ ያሳርፉ፤ ችግኙንም ከከብትና ከእሳት ያጥሩ።