ስንት ነን?

አንዲት የቤት እመቤት ሊጥ ከማቡካቷ በፊት በማዕዱ ዙሪያ የሚቀመጡትን ሰዎች ቁጥር በልቧ ትይዛለች። ይህን ሳታውቅ ብትጋግር ወይ እንጀራው ይተርፋል፣ ወይም ጦሙን የሚያድር ሰው ይኖራል። የመንግሥትም ሥራ በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም። ትምህርት ቤት የሚሠራው፣ ክትባት የሚታዘዘው፣ በጀት የሚደለደለው፣ የምርጫ ክልልም የሚከለለው ለስንት ሰው እንደሆነ ሲታወቅ ነው።

ታዲያ እኛ ኢትዮጵያውያን ስንት ነን? ለዚህ አጭር ጥያቄ የሚሰጠው መልስ እንደ መላሹ ይለያያል። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ትንበያ የአገሪቱን ሕዝብ በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ወደ 109 ሚሊዮን ተኩል ያደርሰዋል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሥነ ሕዝብ ክፍል ግን ለዚያው ጊዜ 132 ሚሊዮን ያህል ብሎ ይገምታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ22 ሚሊዮን በላይ ነው። ይህ ልዩነት ብቻውን ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ጠቅላላ ሕዝብ ይበልጣል።

እንዲህ ሲባል ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል ማለት አይደለም። ሁለቱም ስሌት ናቸው እንጂ ቆጠራ አይደሉም። ስሌት ከአንድ መነሻ ቁጥር ይጀምራል፤ የሚወለደው ይደመርበታል፤ የሚሞተው ይቀነስለታል፤ የሚፈልሰውም ይታሰብበታል። የእኛ መሥሪያ ቤት በ2005 ዓ.ም. ያወጣው ትንበያ የተነሣው በ1999 ዓ.ም. ከተደረገው ቆጠራ ነው። የዓለሙ ድርጅት ባለሙያዎች ደግሞ በቆጠራ የሚታለፉ ሰዎች መኖራቸውን በማሰብ መነሻውን አርመው፣ የወሊዱንና የሞቱን መጠን በራሳቸው መንገድ ይገምታሉ። በመነሻው ላይ ያለ ትንሽ ልዩነት ዓመታት በሄዱ ቁጥር እየሰፋ ይሄዳል። ይህን ሊያቀራርብ የሚችለው መድኃኒት እንደገና መቁጠር ብቻ ነው።

ያለፉት ሦስት ቆጠራዎች

ዛሬ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚባለው መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1953 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ እስኪደረግ ድረስ ግን ከሃያ ዓመት በላይ አለፈ። ቆጠራው ግንቦት 1 ቀን 1976 ዓ.ም. ሲደረግ ጦርነት በነበረባቸው የትግራይና የኤርትራ ገጠሮች ቆጣሪው በአብዛኛው ሊደርስ ስላልቻለ የእነዚህ ቦታዎች ቁጥር በግምት ተሞላ። ድምሩ ከ42 ሚሊዮን በላይ ሲሆን አስቀድሞ ከተገመተው እጅግ በልጦ ተገኘ። ሁለተኛው በ1987 ዓ.ም. ሲደረግ ኤርትራ ተለይታ ስለነበረ ያለ እርሷ 53 ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕዝብ ተቆጠረ። ሦስተኛው በግንቦት 1999 ዓ.ም. ተጀምሮ በአፋርና በሶማሌ ክልሎች በኅዳር 2000 ዓ.ም. ሲፈጸም ውጤቱ ወደ 74 ሚሊዮን ሆነ።

የሦስተኛው ቆጠራ ታሪክ ለእኛ ለወጣቶች ትምህርት የሚሰጥ ነው። ውጤቱ በ2001 ዓ.ም. ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በቀረበ ጊዜ የአማራ ክልል ቁጥር ቀድሞ ከተተነበየው በ2 ሚሊዮን ያህል አንሶ በመገኘቱ ብርቱ ጥያቄ ተነሣ። ክርክሩ ከምክር ቤቱ አልፎ በየቤቱና በየአደባባዩ እስከ ዛሬ ይሰማል። ከዚህ የምንማረው፣ ቁጥር እውነት መሆኑ ብቻ እንደማይበቃና ሕዝብ እንዲያምነው አቆጣጠሩ አብሮ መታየት እንዳለበት ነው።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ103ኛው አንቀጽ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲደረግ ያዛል። በዚህ መሠረት አራተኛው ቆጠራ በ2010 ዓ.ም. መደረግ ሲገባው ተላለፈ። በ2011 ዓ.ም. የፀጥታ ችግርና የሕዝብ መፈናቀል ምክንያት ሆነው ዳግመኛ ተላለፈ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ተከተለ። በሦስተኛው ቆጠራ ሰሞን የተወለደ ሕፃን ዛሬ ድምፅ ለመስጠት የሚያበቃ ዕድሜ ላይ ደርሷል። በዜጋነቱ ግን በአንድም ቆጠራ አልተጠየቀም።

ቁጥር እንዴት ይወለዳል?

ብዙዎቻችን ቆጠራ ማለት ወረቀት ይዞ በር ማንኳኳት ይመስለናል። ዋናው ድካም ግን ከዚያ በፊት ነው። አገሩ በሙሉ አንድ ቆጣሪ በተወሰነ ጊዜ ሊጨርሰው በሚችል ቦታ ተከፋፍሎ በካርታ ይነሣል። ወሰኑ በጅረት፣ በመንገድ ወይም በቤተ ክርስቲያን ካልታወቀ አንዱ ቤት ሁለት ጊዜ ሲቆጠር ሌላው ጨርሶ ይቀራል።

ቀጥሎ መልሱ ይመጣል። ዕድሜውን የተጠየቀ የገጠር ሽማግሌ “ጣልያን ሲገባ ከብት እጠብቅ ነበር” ይላል። ሌላዋ በ77ቱ ድርቅ የመጀመሪያ ልጇን እንደወለደች ታስታውሳለች። ቆጣሪው እነዚህን ዘመኖች ወደ ዓመት የሚመልስበት ሠንጠረዥ ይዞ ካልሄደ ሁሉንም በ40 ወይም በ50 ያጠጋጋዋል። በአገራችን የዕድሜ ሠንጠረዦች ላይ በ30፣ በ40፣ በ50 ዓመት ላይ ተራራ፣ በ29፣ በ31፣ በ41 ላይ ሸለቆ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው። ባለሙያው ይህን ሲያይ የቁጥሩን ሕመም ያውቃል፤ ማከሚያውንም ይፈልጋል።

ከቆጠራው በኋላ ደግሞ ጥቂት ቦታዎች በናሙና ተመርጠው በሌሎች ሰዎች እንደገና ይቆጠራሉ። ሁለቱ ዝርዝሮች ሲተያዩ ምን ያህል ሰው እንደቀረ፣ ምን ያህልም እንደተደገመ ይገለጣል። ጋና በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ባደረገችው ቆጠራ ይህን ዐይነት ማጣሪያ በመፈጸም ለአፍሪካ ምሳሌ ሆናለች። ስሕተቱን የገለጠ መሥሪያ ቤት ይታመናል እንጂ አይዋረድም።

ቁጥር ሥልጣንና ገንዘብ በሚያስገኝበት አገር ግን ፈተናው ከባድ ነው። በናይጄሪያ የፌዴራሉ ምክር ቤት መቀመጫ በሕዝብ ብዛት ይደለደል ስለነበረ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1962 የተደረገው ቆጠራ ተሰረዘ። በ1963 ተደግሞ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተገኘ ቢባልም ጠቡ አልበረደም። ኬንያም በ2009 ቆጠራዋ የስምንት ወረዳዎችን ውጤት ከልክ በላይ አድጓል ብላ ሰርዛ ነበር። ሆኖም በነሐሴ 2019 በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ቆጥራ ሦስት ወር ሳይሞላ 47.6 ሚሊዮን መሆኗን ለሕዝቧ ነግራለች። መሣሪያው ፍጥነትን ሰጥቷል፤ እምነትን ግን መሣሪያ ብቻውን አይሰጥም።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

አዲስ ቆጠራ እስኪደረግ ድረስ አሮጌውን ቁጥር በጥንቃቄ መያዝ የእያንዳንዱ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ግዴታ ነው። አንድ ወረዳ በትንበያ 2,000 ሕፃናት አሉት ተብሎ 2,300 ሕፃናት ቢከተቡ ሪፖርቱ 115 ከመቶ ይላል። ከመቶ በላይ ሕፃን መክተብ እንደማይቻል የታወቀ ነው፤ እንግዲህ ስሕተቱ በአካፋዩ ላይ ነው። የከፋው ግን ተቃራኒው ነው። ትንበያው ከእውነቱ ባነሰበት ወረዳ 2,000 ሕፃናት ሲከተቡ ሥራው ተፈጸመ ተብሎ ይጨበጨባል፤ ያልተቆጠሩት ሕፃናትም ለኩፍኝ ተጋልጠው ይቀራሉ።

ስለዚህ ማንኛውም የሕዝብ ቁጥር ለሕዝብ ሲቀርብ ሦስት ነገሮችን ይዞ ይቅረብ። አንደኛ፣ ቆጠራ፣ የናሙና ጥናት ወይስ ትንበያ መሆኑ ይነገር። ሁለተኛ፣ ዓመቱና ያዘጋጀው መሥሪያ ቤት ይጠቀስ። ሦስተኛ፣ ወሰኑ ይገለጽ። ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ዓ.ም. ክልል ሆነዋል፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የቀረው የደቡብ ክልል ለሁለት ተከፍሏል። በዚህ ምክንያት በ1999 ዓ.ም. የደቡብ ክልል ተብሎ የተጻፈውን ቁጥር ከዛሬው ጋር እንዲሁ ማነጻጸር አይቻልም።

በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ የተጀመረው የልደት፣ የሞት፣ የጋብቻና የፍቺ ምዝገባ ቢስፋፋ የትንበያውን መንገድ ያቃናል። የፋይዳ መታወቂያም ለብዙ አገልግሎት ይረዳል። ነገር ግን መዝገብ የሚያውቀው የመጣለትን ብቻ ነው፤ ቆጠራ ግን ያልመጣውን ሄዶ ይፈልጋል። በጎጆው የተረሳው ሽማግሌ፣ ከመንደሯ የተፈናቀለችው እናት፣ ከመንጋው ጋር የሚጓዘው አርብቶ አደር በመንግሥት ዓይን የሚታዩት በዚህ ጊዜ ነው።

ወላጆቻችን ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ቆጥሮ መቅሠፍት እንዳመጣ ሰምተው አድገዋል፤ ቆጣሪንም ግብር ለመጣል የመጣ አድርገው ይጠረጥሩ ነበር። ይህን ጥርጣሬ የሚያስወግደው ስብከት አይደለም። በተቆጠረበት መንደር ትምህርት ቤት ሲከፈትና ውጤቱ በግልጽ ሲነበብ ሕዝቡ ራሱ ቆጣሪውን ቤት ለእንግዳ ብሎ ይቀበለዋል። ስንት ነን ለሚለው ጥያቄ የሚታመን መልስ የምናገኘውም ያን ጊዜ ነው።