ወንበር ብቻውን አያስተምርም

መስማት የተሳነው ልጅ ያላቸው ወላጆች ትምህርት ቤት ሲፈልጉ ሦስት አማራጭ አለ ይባላል፦ ልዩ ትምህርት ቤት፣ በመደበኛ ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ልዩ ክፍል፣ ወይም ከሁሉም ልጆች ጋር የሚማርበት የአካቶ ክፍል። እኛ ሦስተኛውን እንመርጣለን። ግን እስቲ እንጠያየቅ፤ መምህሩ የምልክት ቋንቋ ካልቻለ ልጁ የተካተተው በምኑ ነው? በስም ጥሪው?

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ አንቀጽ 24፣ ልጁን ተቀበሉት ብሎ አያበቃም፤ የምልክት ቋንቋና ብሬይል የሚችሉ መምህራን ቅጠሩም ይላል። ይህ እስኪሟላ ልዩ ትምህርት ቤት የመረጠችን እናት ኋላ ቀር አንበላት። የምዝገባው ጥያቄም "ቦታ አለ ወይ?" መሆኑ ቀርቶ "ገብቶ ምን ያገኛል?" ይሁን። ወንበርማ ቤቱም አለ።