ነግ በእኔ! ሳንሱር የማንንም እምነት አልጠበቀም



በአገራችን ሥልጣን የያዙ ሁሉ አፍ ሲዘጉ የሚያቀርቡት ምክንያት አንድ ነው፤ «ክርስቲያኑና ሙስሊሙ እንዳይጋጭ» ይላሉ። እኛም እንጠይቃለን፤ ባለፉት 80 ዓመታት አፈና የጠበቀው የትኛውን እምነት ነው?

የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በ1936 ዓ.ም. ባወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ አገሪቱን ለስብከት የተከለከለና የተፈቀደ ብሎ ከፈላት። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 የንግግርና የፕሬስ ነጻነትን ቢያውጅም፣ መጽሐፉም ጋዜጣውም የሳንሱር ሹም ሳያየው አይታተምም ነበር። ሙስሊሙ ወገናችን የእኩልነት ጥያቄውን በአዲስ አበባ አደባባይ ያሰማው ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። ያን ዕለት ክርስቲያኖችም አብረውት ተሰለፉ። አገር አልፈረሰችም።

ደርግ ሃይማኖቶች እኩል ናቸው አለና ሁሉንም እኩል አፈነ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያን ወረሰ። በ1971 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በእጁ ተገደሉ። «ኦሮማይ»ን የጻፈው በዓሉ ግርማም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

ኢሕአዴግ በአዋጅ ቁጥር 34/1985 ሳንሱርን አነሣ፤ በሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 29 ከለከለ። ዳሩ ግን የሳንሱሩን መቀስ በፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 ተካው። መንግሥት ከመጅሊሱ እጁን እንዲያነሣ በሰላም የጠየቁት የሙስሊሙ ኮሚቴ አባላት በ2004 ዓ.ም. ታሰሩ፤ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው።

በ2010 ዓ.ም. የእስር ቤት በሮች ሲከፈቱ ሁላችንም ተስፋ አደረግን። ተስፋው አልቆየም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ላይ ችግር በደረሰ ጊዜ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ታገዱ፤ እገዳው የተነሣው በሐምሌ ነው። ምእመኑ ከአባቶቹ የሚመጣውን ቃል በጓዳ በር ፈልጎ እንዲሰማ ተገደደ።

ወገን ሆይ! ጋዜጣ ሲዘጋ ሐሜት ይከፈታል። ሐሜት አዘጋጅ የለውም፣ ማስተባበያ አያወጣም፣ ፍርድ ቤት አይቆምም። ሕዝብን ከሕዝብ የሚያጋጨው ይኸው ነው። አምልኮን ለሚያውክ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 492 አለ። «ግደሉ፣ አቃጥሉ» የሚል ሰውም ለተናገረው በዳኛ ፊት ይጠየቅ። ከመናገሩ በፊት ግን ማንም ሹም አፉን አይያዝ።

እኛም ሥልጣን ላይ ብንወጣ ትችት ይመረን ይሆናል። ስለሆነም እጃችንን በሕግ ለማሰር ዛሬውኑ ቃል እንገባለን፦

1. ኢንተርኔትን መዝጋት ሳንሱር ተብሎ በሕግ ይደነገጋል። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ምንም መገናኛ አይዘጋም።

2. የጥላቻ ንግግርን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ይሻሻላል። ወንጀል የሚሆነው በቀጥታ ወደ ዓመፅ የሚያነሣሣ ንግግር ብቻ ነው።

3. በመገናኛ ብዙኃን ተቆጣጣሪው ቦርድ ውስጥ የማንኛውም ፓርቲ አባል፣ የእኛም ጭምር፣ አይቀመጥም።

4. በአንቀጽ 11 መሠረት ሲኖዶሱም፣ መጅሊሱም፣ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም መሪዎቻቸውን ያለ መንግሥት ጣልቃ ገብነት ይመርጣሉ።

ሙስሊሙ ሆይ፣ የክርስቲያኑ ድምፅ ሲታፈን፤ ክርስቲያኑ ሆይ፣ የሙስሊሙ ብዕር ሲሰበር፣ ነግ በእኔ በል! «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለው ምክር በፍርሃት ለኖርንበት ዘመን ይበቃል። በምርጫው ቀን ግን አፍህ ካርድህ ነው። ተናገርበት!